በመስቀልና በቡና ለቀማ ወራት እንግዳን በጤና ስለ መቀበል

የክረምቱ ዝናብ አባርቶ አደይ አበባ በየመስኩ ሲፈነዳ፣ በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ ይኸውም በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በየቡ፣ በሰርቦ፣ በሰቃና በአሰንዳቦ የእንግዳ ወራት ይጀመራል። መስከረም 17 ቀን መስቀል ነው፤ ገናና ጥምቀት ይከተላሉ። በመካከሉ ቡናው ቀልቶ ይለቀማል፤ ከለቀማው የሚገኘው ገንዘብ በየቤቱ ሲገባ ልብስ ይገዛል፣ ሠርግም ለጥር ይቀጠራል። አረፋና መውሊድ በጨረቃ የሚቆጠሩ ስለ ሆኑ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደሙ ወራቱን ሁሉ ይዞራሉ፤ ከዚህ ወራት ጋር በሚገጥሙበት ዓመት የሙስሊሙም ቤት እንደ ክርስቲያኑ ቤት በዘመድ አዝማድ ይሞላል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ የጊቤን በረሓ አቋርጦ፣ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚደርስ አጎት አለ፤ ከከፋ ወይም ከዳውሮ የምትመጣ አክስት አለች፤ ቡና ሊለቅም መጥቶ በዚያው በዘመድ ቤት የሚያድር ወጣትም አለ።

ጅማ እንግዳ መቀበልን ዛሬ የጀመረች አገር አይደለችም። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን የሂርማታ ገበያ ከየማዕዘኑ የሚመጣውን ሲራራ ነጋዴ ይሰበስብ ነበር፤ ይህን ያህል ነጋዴ በመጣበት ሁሉ ማደሪያና ምግብ የሚያቀርብ ሰው ሊኖር ግድ ነው። ቡናም ራሱ መጀመሪያ የተገኘው በዚሁ በጎማ፣ ጮጬ በተባለችው ቀበሌ ነው ይባላል። (የከፋ ሰዎች በዚህ ነገር እንደማይስማሙ እናውቃለን፤ ክርክሩን ለሁለቱ ወገኖች ትተነዋል።) ስለዚህ ይህን የምንጽፈው ለጅማ ሰው ስለ መስተንግዶ ትምህርት ለመስጠት አይደለም። መስተንግዶው ከሁሉ የሚበዛበት ወራትና ንዳድ ከሁሉ የሚበረታበት ወራት አንድ ስለ ሆኑ ነው እንጂ።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ጭቃ በወጣበት ጉድጓድ፣ በመንገድ ዳር ቦይ፣ የከብት ኮቴ በረገጠው ረግረግ ሁሉ የቆመ ውኃ ይቀራል። ፀሐይ ሲያሞቀውም የወባ ትንኝ ትራባበታለች። በአገራችን ወባ አብዝቶ የሚይዝበት ጊዜ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ በ1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆንዋ አየሯ ለሰው እንደሚስማማ ሁሉ ለትንኟም ይስማማል። «አገራችን ቆላ ስላልሆነ ወባ አይነካንም» የሚለው አነጋገር ምን ያህል እንደሚያታልል በ1950 ዓ.ም. ክረምት ታይቷል። በዚያ ጊዜ ከሰኔ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. ድረስ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባላቸው አገሮች ወባ በወረርሽኝ ተነሥቶ፣ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመና 150,000 ያህል ሰው እንደ ሞተ ተገምቷል። ወባን ከአገር ለማጥፋት የቆመው መሥሪያ ቤት የተቋቋመውም ከዚህ መቅሠፍት ቀጥሎ ነው። ይህ ያለፈ ታሪክ ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ ከታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ጥቅምት 2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ባለው ጊዜ ውስጥ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተቆጥረዋል፤ ከ1,100 በላይ ሰዎችም ሞተዋል።

እንግዲህ በዚህ ወራት ማታ በአንድ ቤት ውስጥ የሚደረገውን እንመልከት። በአጋሮ የሚኖር አንድ መምህር ሁለት ክፍል ቤት፣ አንድ አልጋ፣ ሦስት ልጆችና ሁለት አጎበር አሉት እንበል። በመስቀል ዋዜማ አጎቱ ከነባለቤታቸው ይመጣሉ። ራት ተበልቶ ቡና ከተጠጣ በኋላ የመኝታ ክርክር ይነሣል። አጎት፦ «እኔ መደቡ ላይ እተኛለሁ፤ አልጋችሁን አልነካም» ይላሉ። መምህሩም፦ «በሞቴ! እርስዎ መደብ ላይ ተኝተው እኔ አልጋ ላይ? ነውር ነው እንጂ!» ይላል። መቼም በዚህ ክርክር የሚረታው ባለቤቱ ነው። እንግዶቹ ከአልጋው ላይ፣ በአጎበሩ ውስጥ ይተኛሉ። የልጆቹ መኝታ ለባልና ለሚስት ይሆንና ልጆቹ በሌላው ክፍል ወለል ላይ በሰሌንና በቁርበት ይደረደራሉ፤ ከላያቸው አጎበር የለም። ከ10 ወይም ከ15 ቀን በኋላ የትንሹ ልጅ ሰውነት ይተኩሳል። ያን ጊዜ እንግዶቹ ሄደዋል፤ ችቦውም ደመራውም ተረስቷል፤ ትኩሳቱን ከመስቀል ሌሊት ጋር የሚያያይዘው ሰው አይገኝም።

ይህ ጉዳት ከንፉግነት የመጣ አይደለም፤ ከደግነት የመጣ ነው። ለማረም የሚያስቸግረውም ስለዚህ ነው። አምስት ዓመት ያልሞላው ሕፃንና ነፍሰ ጡር ሴት ከሁሉ አስቀድሞ ወባ የሚጎዳቸው ሰዎች ናቸው፤ በደግነት ከአጎበር የሚወጡትም ብዙ ጊዜ ሕፃናቱና የቤቱ ሴቶች ናቸው። አልጋ ለእንግዳ ይለቀቅ፤ ይህ የአባቶች ወግ ነው፤ የልጅ አጎበር ግን አይለቀቅ። አጎበር የሚሰቀለው በአልጋ ላይ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በአራቱ ማዕዘን በሲባጎ ተወጥሮ በወለል ላይ በተነጠፈ ሰሌን ላይ ሊወርድ ይችላል፤ ጫፉ ከሰሌኑ ሥር በደንብ ከተወሸቀ ሁለት ትልልቅ ሰዎችን ወይም ሦስት ትንንሽ ልጆችን ያስተኛል። እንግዳ እንደሚመጣ አስቀድሞ የታወቀለት ቤተ ሰብ በነሐሴ ወር የተቀደደውን ይስፋ፤ የጎደለውን ከጤና ኬላ ይጠይቅ ወይም ይግዛ። አጎበሩ የታጠበ እንደ ሆነ በጥላ ይድረቅ፤ ፀሐይ መድኃኒቱን ያደክመዋልና። ለቡና ማስጫ ወይም ለዶሮ ቤት የዋለ አጎበር ካለ ስለ እርሱ አንናገርም፤ ባለቤቱ ያውቀዋል።

በዚህ ላይ አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር እንጨምር። ለወባ መከላከያ የቤት ግድግዳ መድኃኒት የሚረጨው ትንኝ ካረፈችበት እንድትሞት ነው። ለበዓል ተብሎ ግድግዳው በጭቃ ወይም በእበት እንደ ገና ሲለቀለቅ፣ ወይም ቀለም ሲቀባ፣ መድኃኒቱ ከሥር ተቀብሮ ይቀራል። ቤትዎን ለመስቀል የሚያሳምሩ ከሆነ ርጭቱ ከመድረሱ በፊት ያሳምሩ፤ ከተረጨ በኋላ ግን ግድግዳውን እስከ ወራቱ ፍጻሜ አይንኩ።

ከመኝታ ቀጥሎ የምንናገረው ስለ እግር ማጠብ ነው። በአገራችን መንገደኛ ሲመጣ ከቤቱ ልጆች አንዱ ውኃ አሙቆ፣ ዝቅ ብሎ የእንግዳውን እግር ያጥብ ነበር። ይህ ልማድ በከተማ እየጠፋ መሄዱ ያሳዝናል፤ አክብሮት ብቻ ሳይሆን ጥሩ የጤና ጥበቃም ነበርና። እግር የሚያጥብ ልጅ ሙጀሌ የገባበትን ጣት፣ የተላጠውን ተረከዝ፣ ያመረቀዘውን ቁስል ያያል። ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። ሻርል ኒኮል የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በቱኒስ ከተማ የተስቦ ሕሙማንን ሲያስታምም፣ በሽታው ከሆስፒታሉ በር ውጭ ከሰው ወደ ሰው ሲዛመት፣ ሕሙማኑ ልብሳቸውን አውልቀውና ታጥበው ወደ ውስጥ ከገቡ በኋላ ግን ማንንም እንደማይዝ አስተዋለ። በበሩ ላይ የቀረው ምን እንደ ሆነ ሲመረምር ቅማል ሆኖ ተገኘ፤ ይህንንም በ1901 ዓ.ም. በሙከራ አረጋግጦ፣ በኋላ ስለዚህ ሥራው የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። የእኛ አባቶች ቱኒስን አያውቁም፤ እንግዳን በደጃፍ ማጠብን ግን ያውቁ ነበር።

በልብስ ላይ የሚኖረው ቅማል ከተስቦ ሌላ ግርሻ የተባለውን በሽታ ያስተላልፋል። ግርሻ በኢትዮጵያ ከሌሎች አገሮች ሁሉ ይልቅ ጸንቶ የኖረ በሽታ ነው። ድንገት በብርድና በትኩሳት ይጀምራል፤ ራስንና መገጣጠሚያን ይቆረጥማል፤ ከ5 ቀን ገደማ በኋላ ይተዋል፤ ሕመምተኛው ዳንሁ ብሎ ሥራ ሲጀምር ከሳምንት ያህል በኋላ ተመልሶ ያገረሽበታል፤ ስሙም ከዚሁ የመጣ ነው። ሰዎች ተጨናንቀው በሚያድሩበት፣ ልብስ ሳይለወጥ በሚሰነበትበት ስፍራ ሁሉ ይሰራጫል፤ የቡና ለቃሚዎች ማደሪያና በበዓል ዘመድ የተደረደረበት ቤት በዚህ ረገድ ይመሳሰላሉ። ቅማል ሰውነቱ በትኩሳት የጋለውን ሰው ትታ ቀዝቀዝ ወዳለው ወደ ጎረቤቱ የመሄድ ጠባይ አላት፤ ስለዚህ ከታመመ ሰው ጋር አንድ ጋቢ ለብሶ ማደር ከሁሉ የከፋ ነው። በጥፍር መጨፍለቅም መልካም መስሎ የሚታይ ክፉ ልማድ ነው፤ የግርሻ ተሕዋስያን ያሉት በቅማሏ ሰውነት ውስጥ ስለ ሆነ፣ ስትፈርጥ በተጫረ ቆዳ በኩል ወደ ሰው ይገባሉ።

መከላከያው ቀላል ነው። ለእንግዳ ገላ መታጠቢያ የሚሆን ሙቅ ውኃና ሳሙና፣ ከተቻለም ቅያሪ ልብስ ይዘጋጅለት፤ «መንገድ አድክሞዎታል፤ ውኃ ሞቆልዎታል» ብሎ መጋበዝ ማንንም አያስቀይምም። የእንግዳ አንሶላና ብርድ ልብስ በየእንግዳው ይለወጥ። ልብሱ በፈላ ውኃ ይቀቀል፤ ሊቀቀል የማይችለው ደግሞ ስፌቱን ተከትሎ በጋለ ካውያ ይተኮስ፤ ለዚህም የማይመች ከሆነ በላስቲክ ከረጢት ታስሮ ሳይነካ 2 ሳምንት ይቆይ፤ ቅማል ከሰው ገላ ተለይታ ይህን ያህል አትኖርምና። ግርሻ የተጠረጠረበት ሰው ከሱቅ ክኒን ገዝቶ በቤቱ አይዋጥ። በሽታውን የሚያድነው መድኃኒት ራሱ በተወሰደ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ብርቱ መንዘፍዘፍ ስለሚያመጣ፣ ሕክምናው በጤና ጣቢያ፣ በባለሙያ ፊት መሆን አለበት።

አሁን ወደ ማዕዱ እንመለስ። እጅ ማስታጠብ በቤታችን ሁሉ ያለ ወግ ነው፤ ማንቆርቆሪያውም ሳህኑም አይታጣም። ነገር ግን ልብ ብለው የተመለከቱት እንደ ሆነ፣ ከምግብ በፊት ውኃ ብቻ በጣት ላይ ጠብ ይደረጋል፤ ሳሙናው የሚመጣው ከምግብ በኋላ፣ የወጡን ቅባት ለማስለቀቅ ነው። ይህ ተገላቢጦሽ ነው። በመሶቡ ዙሪያ ስምንት እጅ በአንድ እንጀራ ላይ የሚያርፍበት፣ ጉርሻም ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አፍ የሚሄድበት ማዕድ ስለ ሆነ ሳሙናው በፊት ይቅረብ። የሚያስታጥበው ልጅ ሳሙናውን ለእንግዳው ሰጥቶ መዳፍና የጣት መሀል እስኪታሽ ጥቂት ይታገሥ፤ ከዚያ ያፍስስ። አንድ ፎጣ ለሁሉ ማዞር ግን ይቅር፤ የዐይን ማዝና ትራኮማ ከፊት ወደ ፊት ከሚሄዱባቸው መንገዶች አንዱ የጋራ ፎጣ ነው። እጅ በነፋስ ቢደርቅ ይሻላል።

ስለ ሥጋ ብዙ መናገር ይገባል፤ መስቀል ያለ ቅርጫ አይሆንምና። በጅማ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎረቤት ስለሚጠራሩ በአንድ ግቢ ሁለት ዐይነት እርድ፣ ሁለት ቢላዋና ሁለት ድስት ይታያል፤ ይህም የሚያስመሰግን ነው። በሬው ከመታረዱ በፊት ይታይ፤ ታሞ የሞተ ወይም ሊሞት ሲል የታረደ ከብት ሥጋ ግን በርካሽ ተገኘ ተብሎ አይገዛ። አባ ሰንጋ የተባለው በሽታ የሚይዘው የሚበላውን ብቻ አይደለም፤ የሚገፍፈውንም የሚቆርጠውንም ይይዛል። ውኃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባም ለውሻ አይጣል፤ ይቀበር። በዚያ ውኃ የቋጠረ እጢ ውስጥ ያለው ተባይ ከውሻው ሆድ አድጎ ተመልሶ ወደ ሰው ይመጣል።

ስለ ቁርጥና ስለ ክትፎ የምንናገረውን አንባቢ አስቀድሞ እንደሚገምተው እናውቃለን። ቢሆንም እንናገረዋለን። የኮሶ ትል በበሬው ሥጋ ውስጥ ያለው ትንሽ ነጭ እንክብል ሆኖ ነው፤ ዐይን ይስተዋል፤ ሰው በጥሬው ከበላው በኋላ ሦስት ወር ያህል ቆይቶ ትልቅ ትል ይሆናል። ስለዚህ በመስቀል የተበላው ጥሬ ሥጋ ኮሶው የሚታወቀው በገና ሰሞን ነው፤ ትሉም ከ4 እስከ 10 ሜትር ሊረዝም ይችላል። ሚጥሚጣና አረቄ ይገድሉታል የሚለው ወሬ እውነት አይደለም። ለብ ለብ ማድረግም አይበቃም፤ የሚገድለው ሥጋው ውስጡ ድረስ ቀይነቱ እስኪጠፋ መብሰሉ ነው። ጥሬ ሥጋን ፈጽሞ ተዉ ብንል የሚሰማን ጥቂት ሰው ይሆናል፤ ቢያንስ ለልጆች የሚሰጠው ይብሰል፤ እንግዳም «አልበላም» ካለ «ንቆን ነው» ተብሎ አይገደድ። ኮሶ ያለበት ሰው በሜዳ ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ከሣሩ ላይ ቀርቶ በሬው ይግጠዋል፤ ለሚቀጥለው መስቀል የሚታረደውም ይኸው በሬ ሊሆን ይችላል። ኮሶ እንዳለበት ያወቀ ሰው በየሁለት ወሩ የዛፉን አበባ በጥብጦ ሆዱን ከሚያሠቃይ፣ ከጤና ጣቢያ ክኒን ወስዶ ቢገላገል ይሻለዋል።

ስለ መጠጥ ባጭሩ፦ ቡና የፈላ ስለ ሆነ ከመጠጦች ሁሉ ንጹሑ እርሱ ነው። ችግሩ ያለው ከሲኒው ነው፤ ከአቦል ወደ ቶና፣ ከቶና ወደ በረካ ሲታለፍ ሃያ ሲኒ በአንድ ሳህን ቀዝቃዛ ውኃ ይለቀለቃል። ሙቅ ውኃ በሌላ ማንቆርቆሪያ ይዘጋጅና በላያቸው ይፍሰስ። ለብርዝና ለቀሪቦ የሚሆነው ውኃ ይፍላ፤ ከገነፈለ በኋላ 3 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ወይም ውኃ አጋር በተባለው መድኃኒት በመመሪያው መሠረት ይታከም። ብርዝም ሆነ ሌላ ማር ያለበት ነገር ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይቅመስ።

በቤትዎ አምስት ሰው የሚጠቀምበት መጸዳጃ በበዓል ሰሞን ለአሥራ አምስት ሰው እንደሚያገለግል አስቀድመው ያስቡ። ለቀዳዳው ክዳን፣ ለማታ መብራት፣ ከደጁም አንድ ጀሪካን ውኃና ሳሙና ቢኖር ዝንቡም ተቅማጡም ይቀንሳል። አዲስ ጉድጓድ የሚቆፈር ከሆነ ከምንጭና ከውኃ ጉድጓድ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከበላያቸውም አይሁን። ምንም ተጠንቅቀው ሳለ ተቅማጥ የያዘው ሰው ቢኖር፣ ውኃው ከሰውነቱ እንዳያልቅ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ይጠጣ፤ ይህ ካልተገኘ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለቱም ልክ አፍ ለአፍ ተሰፍረው፣ በጥብጦ በየጊዜው ማጠጣት ነው፤ እየተጠጣም ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

መምህራን በዚህ ነገር ከሌላው ሰው ይልቅ ኃይል አላቸው። የተማሪን ቤት የሚያስተዳድሩት ወላጆች ናቸው፤ የመኝታውን ሰሌን የሚያነጥፈው፣ እንግዳ የሚያስታጥበው፣ ሲኒ የሚያለቀልቀው ግን ተማሪው ራሱ ነው። ከመስቀል ዕረፍት በፊት ባለው የመጨረሻ ቀን አንድ ክፍለ ጊዜ ተወስዶ አጎበር በሁለት ወንበርና በሲባጎ እንዴት እንደሚወጠር በክፍል ውስጥ ቢያሳዩ፣ ከአንድ ወር ንግግር ይልቅ ይጠቅማል።

እንግዳው ሊሄድ ሲነሣ ባለቤቲቱ አንድ ሁለት ኪሎ ቡናና አንድ ጣሳ የጅማ ማር ትቋጥርለታለች፤ ባሏም እስከ አውቶቡስ ማቆሚያ ይሸኘዋል። በዚያ ላይ አንድ ቃል ይጨመር። በጅማ አካባቢ ወይም በጊቤ ሸለቆ ትንኝ የነከሰችው ሰው የሚታመመው ብዙ ጊዜ ከ1 ወይም ከ2 ሳምንት በኋላ፣ ማለት አዲስ አበባ ከተመለሰ በኋላ ነው፤ አንደኛው የወባ ዐይነት ደግሞ በጉበት ተደብቆ ቆይቶ ከብዙ ወር በኋላ ይነሣል። ደጋ ላይ ያለ ሐኪም የሚያተኩሰውን ሰው ሲያይ ወባን አስቀድሞ ላያስብ ይችላል፤ ሕመምተኛውም ብርድ ነው፣ ጉንፋን ነው እያለ ቀን ያጠፋል። ስለዚህ ሻንጣው ከአውቶቡሱ ጣራ ላይ ሲወጣ እንዲህ ይባል፦ «ጋሼ፣ እስከ ጥምቀት ድረስ ትኩሳት ከተሰማዎት በዚያው ቀን ደምዎን ያስመርምሩ፤ ጅማ ሰንብቼ ነበር ብለው ይንገሯቸው።»